ጄሪን በቬክተር መሳል፤ ከእርሳስ ንድፍ እስከ ስቲከር

«ወንድሜ፣ ይቺን ሥዕል ትንሽ ከፍ አድርገህ አትምልኝ።»

አራት ኪሎ በምሠራበት ህትመት ቤት በየሳምንቱ የሚገጥመኝ ጥያቄ ነው። ፍላሹን እሰካለሁ። ከኢንተርኔት የወረደች፣ ስፋቷ 600 ፒክስል ቢሞላ ነው የምትባል የካርቱን ሥዕል አገኛለሁ። ስልክ ላይ ታምራለች። ቲሸርት ላይ ስትወጣ ግን ዳር ዳሯ እንደ ደረጃ ይሰባበራል። ከዚያ «ታዲያ እንዴት ልሥራው?» ይመጣል። ወረፋ እያለ ቆሜ ለእያንዳንዱ ሰው ከማስረዳ፣ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ጥርት ያለ ህትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል። ስለዚህ 600 ፒክስል 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሸፍን ነው። የቲሸርት ደረት ላይ የሚወጣ ሥዕል ደግሞ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ለዚያ ከ3300 ፒክስል በላይ ያስፈልጋል። የሌለ ፒክስል ከየትም አይመጣም። ቬክተር ግን ሥዕሉን የሚይዘው በነጥብና በኩርባ ነው። የስኒ ያህል ብታደርጉትም የግድግዳ ያህል፣ ኩርባው እንደ አዲስ ይሰላል፤ አይሰበርም።

ለምሳሌ የምወስደው የካርቱኑን አይጥ፣ የድመቱን የቶምን ባላንጣ ጄሪን ነው። የማያውቀው የለም፣ ቅርጹም ለጀማሪ ይመቻል። ጄሪ ከቡና ስኒ አጠገብ ቆሞ ቁመቱን የሚያህል ፈንዲሻ አቅፏል እንበል። ሌላ ገጸ ባሕርይ ብትመርጡም አካሄዱ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፒውተር። አዲስ መሆን የለበትም። 4 ጊጋ ራም ያለው የቆየ ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ ይበቃል።
- ኢንክስኬፕ የሚባለው ሶፍትዌር። ነፃ ነው፤ ክራክ ፍለጋ ቫይረስ መሰብሰብ የለም። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁልፎች የእሱ ናቸው። ኢለስትሬተር ወይም ኮረል ድሮው ያላችሁ የመሣሪያው ስም ይለይባችሁ እንጂ ሥራው አንድ ነው።
- ማውዝ። በላፕቶፑ ታችፓድ ኩርባ መጎተት ስቃይ ነው። ውድ ዲጂታል እስክሪብቶ ግን አያስፈልግም። ቬክተር ነጥብ ማስቀመጥ ነው፤ እጅ ማወናጨፍ አይደለም።
- ነጭ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ አንድ ጥቁር እስክሪብቶ።
- ካሜራ ያለው ስልክ።
- የገጸ ባሕርይው አራት ወይም አምስት ሥዕሎች፣ ከተለያየ አቅጣጫ።

ዴስክቶፕ ላይ ለምትሠሩ፦ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ከመጀመራችሁ በፊት ከፕሪፈረንስ ውስጥ ኦቶሴቭ መብራቱን አረጋግጡ፤ በየ5 ደቂቃው እንዲያስቀምጥ አድርጉት።

1. መጀመሪያ አጥኑት

የሰበሰባችኋቸውን ሥዕሎች ጎን ለጎን ደርድሩ። ከፊት፣ ከጎን፣ ሲስቅ፣ ሲሮጥ። በሁሉም ላይ የማይለወጠውን ፈልጉ። የጄሪ ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው። ጆሮዎቹ ሰፋፊና ክብ ናቸው። ሰውነቱ ቡናማ ነው፤ አፉ ዙሪያና ሆዱ ፈካ ይላል። እርሳሳችሁን ስክሪኑ ላይ አስደግፋችሁ ለኩ፦ ቁመቱ ስንት ጭንቅላት ይሆናል? የጆሮው ስፋት ከጭንቅላቱ ጋር ሲነጻጸር ስንት እጅ ነው? መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ሰው ገጸ ባሕርይን ቀድሞ የሚለየው በምጣኔው ነው፤ ቀለሙ በኋላ ይመጣል። የጄሪን ጆሮ ትንሽ ብታሳንሱት የማንም ጓዳ አይጥ ይሆናል። አንድ ሥዕል ብቻ ይዛችሁ ከጀመራችሁ ደግሞ የዚያች ቅጽበት ማዕዘን ይቆልፋችኋል። እጁን ማንሳት ስትፈልጉ ከትከሻው እንዴት እንደሚወጣ አታውቁትም።

2. በእርሳስ ንደፉ

ሁኔታውን ራሳችሁ ፍጠሩ። ከካርቱኑ አንድ ቅጽበት አቁሞ በላዩ መሳል እጅ ለማፍታታት ይሆናል፤ ውጤቱ ግን ቅጂ ነው። ፋን አርት፣ ማለትም የምትወዱትን ገጸ ባሕርይ በራሳችሁ መንገድ መሳል፣ የሚባለው የራሳችሁ ነገር ሲገባበት ነው። ጄሪ ፈንዲሻውን ሲያቅፍ ከብዶታል? እንግዲያው ጀርባው ወደ ኋላ ይለጠጥ፣ ጉልበቱ ይታጠፍ፣ ጅራቱ መሬት ይደገፍ። ቀልዱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በቀላሉ፣ ሳትጫኑ ንደፉ። ከብዙዎቹ መስመሮች ትክክለኛውን ስትመርጡ በጥቁር እስክሪብቶ ድገሙትና እርሳሱን አጥፉ። ኮምፒውተሩ ላይ ስትደርሱ «የትኛው መስመር ነበር?» እያላችሁ መወሰን ካለባችሁ ሥራው ሁለት እጥፍ ይሆናል።

ፎቶውን መስኮት አጠገብ አንሱት። ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርጉ፣ ስልኩን ከላይ አግድመት አድርጋችሁ ያዙ። ፍላሽ አታብሩ። ስልኩ ከተንጋደደ ክብ የነበረው ጭንቅላት እንቁላል ይሆናል። ስህተቱን የምታዩት ደግሞ መስመሩን ከጨረሳችሁ በኋላ ነው።

3. ፋይሉን አዘጋጁ

ኤ4 ገጽ ክፈቱ፤ መለኪያውን ሚሊ ሜትር አድርጉ። ፎቶውን ስታስገቡ «ኢምቤድ» ወይስ «ሊንክ» ይላችኋል። ኢምቤድ በሉት። ሊንክ ካላችሁ ፎቶው ከቦታው ሲነሳ ከሥዕሉም ይጠፋል። የፎቶውን ኦፓሲቲ ወደ 35 በመቶ አውርዱ። ፈዘዝ ሲል የእናንተ መስመር ከሥሩ ካለው ይለያል።

አራት ሌየር፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር ገጽ፣ ፍጠሩ። ከታች ወደ ላይ፦ ንድፍ፣ ቀለም፣ ጥላ፣ መስመር። የንድፉን ሌየር ቆልፉት። ካልቆለፋችሁት በየደቂቃው ፎቶውን ይዛችሁ ትጎትታላችሁ።

አሁን አንድ ነገር አረጋግጡ። የመምረጫው ቀስት ሲያዝ ከላይ በሚመጣው አሞሌ ላይ የመስመር ውፍረት ከሥዕሉ ጋር አብሮ እንዲያድግ የሚያደርግ ቁልፍ አለ። ይብራ። ከጠፋ ሥዕሉን ስታሳድጉት መስመሩ ክር ይሆናል፤ ስታሳንሱት ደግሞ ጄሪ በከሰል የተቀባ ይመስላል። «ፋይሌን አበላሻችሁት» ተብለን የተወቀስንበት ጊዜ አለ። ያ ቁልፍ ነበር።

4. ትልልቁን በክብ ያዙት

የ«ኢ»ን ቁልፍ ተጫኑና ክብ መሳያውን ያዙ። ኮንትሮል ይዛችሁ ስትጎትቱ ትክክለኛ ክብ ይወጣል። ጭንቅላት፣ ሁለት ጆሮ፣ የውስጥ ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍንጫ፤ ሁሉም ከዚህ ይነሣሉ። ከንድፋችሁ ጋር እንዲገጥሙ አዙሩ፣ ጨፍልቁ። ሲበቃ ከ«ፓዝ» ሜኑ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» በሏቸው፤ በነጥብ የሚታረሙ ይሆናሉ።

በእጅ የተሳለ ክብ ሁሌም የሆነ ቦታ ይጎብጣል። ፊት ላይ ደግሞ ትንሿም ጉብጠት ትታያለች። ማሽን ሊሠራው የሚችለውን ለማሽን ተዉለት።

5. ብዕሩን ያዙ

ሙሉ ሥራው የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ነውና ቀስ እንበል።

የ«ቢ» ቁልፍ ብዕሩን ያመጣል። አንድ ጊዜ ጠቅ ስታደርጉ ሹል ማዕዘን ትሠራላችሁ። ጠቅ አድርጋችሁ ሳትለቁ ስትጎትቱ ከነጥቡ ግራና ቀኝ ሁለት እጀታ ይወጣል፤ መስመሩ ይጎብጣል። እጀታው መስመሩ በየት በኩል እንደሚወጣና ምን ያህል እንደሚለጠጥ ይወስናል። ያ ብቻ ነው። ጥያቄው ነጥቡን የት እናስቀምጥ ነው።

ነጥቡ የሚቀመጠው ኩርባው ጫፍ ላይ ነው። ከሁሉም በላይ የወጣበት፣ ከሁሉም በታች የወረደበት፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የተለጠጠበት ቦታ። እዚያ ላይ እጀታው ቀጥ ብሎ አግድም ወይም ሽቅብ ይቆማል። ኮንትሮል ስትይዙ እጀታው ራሱ ቀጥ ይላል። አንድ ክብ በአራት ነጥብ የሚያልቀው ለዚህ ነው፦ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። ለእያንዳንዱ ሩብ ክብ የእጀታው ርዝመት የራዲየሱን 55 በመቶ ያህል ነው። ቁጥሩን አትሸምድዱ፤ ክብ ስላችሁ ነጥቦቹን ክፈቱና እዩት። ዓይናችሁ አንዴ ከለመደው ሌላውም ኩርባ ይታያችኋል።

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራት ስህተት አለች። መስመሩ ትንሽ ከንድፉ ሲወጣ መሀሉ ላይ ነጥብ ይጨምራል። አሁንም ትንሽ ይወጣል፤ ሌላ ይጨምራል። በመጨረሻ የጄሪ ጉንጭ 20 ነጥብ ተሸክሞ እንደ ኮብልስቶን መንገድ ይንገጫገጫል። ነጥብ ከመጨመራችሁ በፊት እጀታውን አርዝሙት ወይም አሳጥሩት። ነገሩ ከዚያ በኋላም እምቢ ካለ ነው ነጥብ የሚጨመረው። የጄሪ የጭንቅላት ዙሪያ ከጉንጩ ጋር ከ8 እስከ 12 ነጥብ ይበቃዋል። ጅራቱ ጥምዝምዝ ቢልም በየጥምዛቱ አንድ ነጥብ ነው።

መስመሩን ዝጉት። የጀመራችሁበት ነጥብ ላይ መልሳችሁ ጠቅ ስትሉ ይዘጋል። ያልተዘጋ ቅርጽ ቀለም ሲገባበት ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ ያገናኝና ጆሮውን ይቆርጠዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ትሬስ አደረግሁት እኮ»

ትሬስ ማለት ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ራሱ ወደ ቬክተር እንዲለውጠው ማዘዝ ነው። «ጋሼ፣ ትሬስ ብዬዋለሁ፤ ቬክተር ነው» ብላ ፋይል የምታመጣ ተማሪ አትጠፋም። ልክ ናት፣ ቬክተር ነው። ግን ክፈቱትና ነጥቦቹን እዩ፤ ጉንዳን የወረረው ይመስላል። አውቶማቲክ ትሬስ ገጸ ባሕርይ አያውቅም። የሚያውቀው ቀለም የተለወጠበትን ድንበር ነው። የፒክስሉን ደረጃ ሁሉ እንደ ቅርጽ ይቆጥረዋል። አንዷን ጥቁር መስመር ግራና ቀኝ ዳሯን ለየብቻ ያወጣታል። ውፍረቷን ልለውጥ ብትሉ አይቻልም።

እኔም ያለፍኩበት ነው። የመጀመሪያ ስቲከር ሥራዬን፣ የአንዲት ድመት ሥዕል፣ ትሬስ አድርጌ ወደ ቪኒል (የስቲከር ፕላስቲክ) መቁረጫው ላክሁት። ማሽኑ በየነጥቡ እየቆመ ተንቀጠቀጠ። ትርፉን ልላጥ ስል የድመቷ ጢም አብሮ ተነሣ። አንድ ጥቅል ቪኒል ጣልኩ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ በእጄ ስስለው 60 ነጥብ እንኳ አልሞላም።

ትሬስ የሚጠቅመው ንጹሕ ጥቁርና ነጭ የሆነ የእጅ ጽሑፍን ወይም የብሩሽ ጭረትን ከነሸካራነቱ ለማስገባት ነው። ለካርቱን ፊት አይሆንም።

6. መስመሩን ነፍስ ስጡት

ሁሉም መስመር እኩል ሲወፍር ሥዕሉ የልጆች ቀለም መቀቢያ ደብተር ይመስላል። የውጭውን ዙሪያ ወፍራም፣ የውስጡን ቀጭን አድርጉ። 10 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም ጄሪ ከውጭ 1.2፣ ከውስጥ 0.7 ሚሊ ሜትር እጠቀማለሁ። ዓይን መጀመሪያ ገጸ ባሕርይውን ከጀርባው ይለያል፣ ዝርዝሩን ቀጥሎ ያያል። ወፍራሙ የውጭ መስመር የሚያግዘው ለዚህ ነው።

የመስመሩን ጫፍና መጋጠሚያ ክብ አድርጉት። ሹል ከሆነ ጆሮው ከጭንቅላቱ የሚገናኝበት ቦታ ላይ እሾህ ብቅ ይላል።

ጢሙ ሥሩ ላይ ወፍሮ ጫፉ ላይ መቅጠን አለበት። መስመሩን ምረጡና «ስትሮክ ቱ ፓዝ» በሉት። አሁን መስመር መሆኑ ቀርቶ ቅርጽ ሆኗል። ጫፉ ላይ ያሉትን ነጥቦች ወደ አንድ አምጡ። ግን ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ሌየሩን ቅዱና አንዱን ደብቁ። ቅርጽ የሆነ መስመር ተመልሶ መስመር አይሆንም፤ ነገ ውፍረቱን ልለውጥ ብትሉ እጃችሁ ባዶ ነው።

ጨርቅ ላይ ለሚታተም ሥራ፣ በመጨረሻው መጠኑ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ መስመር አልተማመንበትም። ከጥቂት እጥበት በኋላ ይበላል።

7. ቀለም

ቀለሙን መጀመሪያ ከሰበሰባችኋቸው ሥዕሎች በ«ዲ» ቁልፍ መውሰድ ይቻላል። በቀን ብርሃን ከሚታይ ትዕይንት ውሰዱ። የሌሊት ትዕይንት ላይ ያለው ጄሪ ሰማያዊ ቀላቅሏል፤ ነጭ ወረቀት ላይ ሲወጣ የታመመ ይመስላል። ለጄሪ አምስት ቀለም ይበቃል፦ ቡናማው፣ የፈካው የሆድና የአፍ ዙሪያ፣ የውስጥ ጆሮው ሮዝ፣ ነጭና ጥቁር። ለመስመሩም ከድፍን ጥቁር ይልቅ በጣም የጠቆረ ቡናማ ሞክሩ። ፈንዲሻው ደግሞ ድፍን ነጭ አይደለም፤ ቢጫ ነካ ያድርገው፤ ያለዚያ ነጭ ቲሸርት ላይ ይጠፋል።

አሁን ሰው የሚያልፈው ነገር። ቀለሙ ከመስመሩ ሥር መግባት አለበት። ብዙዎች የቀለሙን ዳር ከመስመሩ የውስጥ ዳር ጋር ልክ ለልክ ያጋጥሙታል። ስክሪን ላይ ምንም አይታይም። ሲታተም ግን በመሀላቸው ፀጉር የምታህል ነጭ ክፍተት ትወጣለች። ቀለሙን እስከ መስመሩ ውፍረት እኩሌታ ድረስ አስገቡት፤ መስመሩ ከላይ ይሸፍነዋል።

8. ጥላ

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አንዴ ወስኑ፤ ከላይ በስተግራ እንበል። ከዚያ ሁሉም ጥላ በስተቀኝና ከታች ይውላል። የጄሪም፣ የፈንዲሻውም፣ የስኒውም።

ጥላውን ከሰውነቱ ድንበር ጋር ለማስተካከል አትልፉ። ከሰውነቱ ወጣ አድርጋችሁ በልቅ እጅ ሳሉት። ከዚያ የሰውነቱን ቅርጽ ቅዱና ከጥላው ጋር አንድ ላይ መርጣችሁ ከ«ፓዝ» ሜኑ «ኢንተርሴክሽን» በሉ። ሁለቱ የሚጋሩት ቦታ ብቻ ይቀራል፤ ዳሩም ልክ ይገጥማል። ኦሪጅናሉን ሰውነት አትጠቀሙበት፤ ይበላዋል። ቅጂውን ነው።

የጥላውን ቀለም ጥቁር ጨምራችሁ አታውጡ። ቡናማው ላይ ጥቁር ሲጨመር ጭቃ ይሆናል። ወደ ቀይ ጠጋ አድርጋችሁ አጥቁሩት። ብዥ የሚል ጥላ፣ «ብለር» የሚሉትን፣ ስቲከር ላይ አታስገቡ። መቁረጫ ማሽን ብዥታ አይቆርጥም፤ አንዳንድ ፕሮግራም ሲከፍተውም ወደ ፒክስል ይለውጠዋል። ያን ሁሉ የለፋችሁበት ነገር በአንድ ብዥታ ይሄዳል።

9. ማጥራት

«ጨርሻለሁ» ብላችሁ የምታስቡበት ቦታ ላይ ናችሁ። ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ነው ሥራውን ከሌላው የሚለየው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ቅጂ አውጥቼ ሁሉንም ጥቁር እቀባዋለሁ። ጥቁሩ ቅርጽ ብቻ ሲታይ ጄሪ መሆኑ ይታወቃል? ፈንዲሻውስ ይለያል ወይስ የሆዱ እብጠት መሰለ? ካልተለየ እጁን ወይም ፈንዲሻውን ወደ ጎን አወጣዋለሁ። ቀለም የደበቀውን የአቀማመጥ ችግር ጥቁሩ ያጋልጠዋል።

ቀጥሎ ሁሉንም መርጬ የ«ኤች»ን ቁልፍ እጫናለሁ። ሥዕሉ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ሰዓታት ያፈጠጥንበትን ሥዕል ዓይናችን ለምዶታል፤ ሲገለበጥ እንደ አዲስ ያየዋል። አንዱ ዓይን ከሌላው ወርዶ ከሆነ ወዲያው ይጮሃል። ሳስተካክል ቆይቼ መልሼ እገለብጠዋለሁ።

ዓይን ካልኩ አይቀር፣ ጄሪን ሕያው የሚያደርገው ዓይኑ ነው። ሁለቱ ብሌኖች አንድ ቦታ መመልከት አለባቸው። ወደ ፈንዲሻው ከሆነ ወደ ፈንዲሻው፣ ወደ እኛ ከሆነ ወደ እኛ። ነጭዋ የብርሃን ነጥብ ደግሞ በሁለቱም ዓይን በአንድ ወገን ትሁን። አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ ከሆነች ዓይኑ ይንሸዋረራል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው፤ ግን በአሥር ሥዕል ውስጥ ስድስቱ ላይ የማርመው እሱን ነው።

ከዚያ ከ«ቪው» ሜኑ የመስመር ብቻ እይታውን፣ አውትላይን የሚባለውን፣ እከፍታለሁ። ቀለሙ ይጠፋል። ነጥብ የተከማቸበት፣ ድርብ የሆነ ቅርጽ፣ ተረስቶ የቀረ ቁራጭ ሁሉ ይታያል። የተጠረጠረ ነጥብ ላይ ሄጄ ዲሊት እላለሁ። ኢንክስኬፕ ነጥቡን ሲያጠፋ ቅርጹን ለመጠበቅ ይሞክራል። ቅርጹ ካልተነካ ነጥቡ መጀመሪያም አያስፈልግም ነበር። ከተበላሸ ኮንትሮልና ዜድ።

ኮንትሮልና ኤልን፣ ማለትም «ሲምፕሊፋይ»ን ተጠንቀቁት። አንድ ጊዜ ሲጫኑት ይረዳል። በተከታታይ ቶሎ ቶሎ ሲጫኑት ግን በየጊዜው ኃይሉን እየጨመረ ይሄዳል። ጄሪ ሳሙና ይሆናል፤ ሹል የነበረው ሁሉ ይሟሟል። መላ ሥዕሉን መርጣችሁ በፍጹም አትጫኑት። አንድ ቅርጽ፣ አንድ ጊዜ።

መስመር ከመስመር የሚነካካበትን ቦታም ፈልጉ። የጄሪ ጆሮ ዳር የስኒውን አፍ ልክ ሳም አድርጎ ካለፈ፣ ዓይን የቱ ከፊት እንዳለ ይጠፋበታል። ወይ በደንብ ይደራረቡ ወይ በደንብ ይራራቁ።

በመጨረሻ አሳንሱት። የቴሌግራም ፕሮፋይል የምታህል አድርጋችሁ ከሩቅ እዩ። የጠፋ ዝርዝር ካለ ወይ አግዝፉት ወይ አውጡት። ከተቻለ አሳድሩት። ጠዋት አንድ ስህተት ካላገኛችሁ በደንብ አላያችሁትም።

10. የአማርኛ ጽሑፍ ካለበት

ከሥሩ «ቡና ጠጡ» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። ህትመት ቤቱ የእናንተ ፎንት ከሌለው ፊደሉ ሌላ ቅርጽ ይዞ ይመጣል፣ ወይም ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ከተጻፈ ደግሞ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚወጣው። መፍትሔው ጽሑፉን «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» ማለት ነው። ፊደሉ ቅርጽ ሆነ ማለት ነው፤ ፎንት አይፈልግም።

ግን አስቀድማችሁ አንብቡት። ሌላ ሰውም ያንብበው። ወደ ቅርጽ ከተለወጠ በኋላ ፊደል ማረም አይቻልም። «እንኳን ደስ አለሽ» ለማለት «እንኳን ደሰ አለሽ» ብዬ 40 ስቲከር አትሜያለሁ። ሙሽሪት ሳቀች፤ እናቷ ግን አልሳቁም።

11. ማውጣትና ማስረከብ

ሦስት ፋይል አስቀምጡ። ኤስቪጂው (የኢንክስኬፕ ዋናው ፋይል) የእናንተ ነው፤ ሌየሩና መስመሩ ሳይነካ ይቆይ። ፒዲኤፉ ለህትመት ቤት ነው። ፒኤንጂው ጀርባው ባዶ ሆኖ፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል)፣ በመጨረሻው የህትመት መጠን ይውጣ። ኤ4 ሙሉ ከሆነ 2480 በ3508 ፒክስል መሆኑን አረጋግጡ።

ለስቲከር ነጭ ዳር ይኑረው። ሁሉንም ቅርጽ ቅዱና «ዩኒየን» በሉ። አንድ ድፍን ቅርጽ ይወጣል። በ«አውትሴት» ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አስፉት፣ ነጭ ቀቡት፣ ከሁሉም ሥር አድርጉት። መቁረጫው ትንሽ ቢንሸራተት የሚበላው ነጩን ነው፤ የጄሪን ጆሮ አይነካም። ጢሙ ከነጩ ዳር ውጭ እንዲንጠለጠል አታድርጉ፤ በመጀመሪያው ቀን ይላጣል።

በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ አትላኩ። ፎቶ ተብሎ ሲላክ ይጨመቃል፤ ያ ሁሉ ፒክስል መንገድ ላይ ይቀራል፣ ባዶው ጀርባም ይሞላል። «ፋይል» ብላችሁ ላኩት።

ቀለሙ ስክሪን ላይ እንዳያችሁት አይወጣም። ስክሪን በብርሃን ይሠራል፣ ማተሚያ በቀለም። ደማቅ አረንጓዴና ሰማያዊ ከሁሉም በላይ ይደበዝዛሉ። የጄሪ ቡናማ ብዙ አይቸግርም።

ስለ ሽያጭ

ይህን ሳትዘሉ አንብቡት። ጄሪን ብትስሉትም ጄሪ የእናንተ አይሆንም፤ ባለቤት አለው። በእኛም አገር የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል። እጅ ለማፍታታት ስላችሁ ግድግዳችሁ ላይ መስቀል አንድ ነገር ነው። ቲሸርት አትሞ መሸጥ ሌላ ነው፤ ፈቃድ ይፈልጋል። «ሁሉም ሰው ይሸጣል» መልስ አይደለም። «ሚኪ ማውስ ነፃ ሆኗል አይደል?» የሚሉኝም አሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ነፃ የሆነው የ1928ቱ የመጀመሪያው ሚኪ ነው፤ ብዙዎቹ የኋለኞቹ መልኮች ገና አይደሉም፣ የንግድ ምልክቱም እንዳለ ነው። መሸጥ ካሰባችሁ፣ እዚህ የተማራችሁትን አሠራር ይዛችሁ የራሳችሁን አይጥ ፍጠሩ። ነጥቡም እጀታውም ያው ነው።

ህትመት ቤት ስትሄዱ

ፍላሹ ላይ ከፒዲኤፉ ጋር ፒኤንጂውንም ያዙ። ኦፕሬተሩ ፒዲኤፉን በኮረል ሲከፍተው ጥላው ከቦታው ሊነሣ ወይም የተቆረጠው ነገር ሊገለጥ ይችላል። ፒኤንጂውን አጠገቡ ከፍቶ ያወዳድር። መጠኑን በሴንቲ ሜትር ንገሩት፤ «መካከለኛ» አትበሉ። ከዚያ አንድ ፍሬ ብቻ አሳትሙ። ውጭ ወጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን እዩት፤ የሱቅ አምፖል ቡናማን ቀይ ያስመስለዋል። በጥፍራችሁ ጢሙን ነካ አድርጉት፤ ካልተነሣ ቀሪውን እዘዙ።